በእጥበትና በእጥበት መካከል ያለው ማዕድ፦ የኩላሊት ሕመምተኛ ምን ይብላ?

አክስቴ የኩላሊት እጥበት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ቤቷ በጠያቂ ተሞላ። አንዷ ጎረቤት የአጥንት ቅቅል በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። ሌላው አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት ጭማቂ ገዝቶ ገባ። የእድር ሰዎች ሙዝና ብርቱካን በዘንቢል አስቀምጠው ሄዱ። ሁሉም በፍቅር የመጣ ነው፤ እሷም ሰው እንዳይከፋባት ከሁሉም ቀመሰች። በማግስቱ ሌሊት እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ጋደም ማለት አቅቷት ቁጭ ብላ አደረች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። «ሥጋ እንዳትነኪ፣ ሽሮ መርዝ ነው፣ ጎመን አይሆንሽም፣ ጤፍም ይቅርብሽ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበባት። እያደር አንዱን ስትተው፣ ሌላውን ስትፈራ፣ በመጨረሻ የቀራት ደረቅ ዳቦ በሻይ ብቻ ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጯ ገባ፣ ቀሚሷ ሰፋት፣ ከወንበር ለመነሳት የሰው እጅ መያዝ ጀመረች።

ሁለቱም መንገድ ጎድቷታል። እኔ እንዳየሁት ግን ሁለተኛው ይብሳል፤ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ «ምን ምን ተከለከለ?» ብሎ መጠየቅ ሩቅ አያደርስም። ምን ያህል ይበላ? እንዴት ይሠራ? በየትኛው ቀን? ጥያቄው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ማሽኑ እያጠበው ምግቡን መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ?

ጤነኛ ኩላሊት እረፍት የለውም። በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ የሚያስፈልገውን መልሶ ትርፉን በአንድ ወይም በሁለት ሊትር ሽንት ያስወጣል። ጨው ሲበዛ ጨውን፣ ውሃ ሲበዛ ውሃን ይሸኛል። ትናንት ያበዛነውን ዛሬ ሳናውቀው ያስተካክልልናል።

የኩላሊት እጥበት፣ በሐኪሞቹ አጠራር ሄሞዳያሊሲስ፣ ደምን በቱቦ ወደ ማሽን አውጥቶ፣ በማጣሪያ ውስጥ አሳልፎ ወደ ሰውነት የሚመልስ ሕክምና ነው። የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ነው። በአገራችን ግን ወጪው ስለሚከብድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠበው ሰው ብዙ ነው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ማሽኑ የሚሠራው ከዚህ ውስጥ 12ቱን፣ ሁለት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ደግሞ 8ቱን ሰዓት ብቻ ነው።

የሰፈር ቆሻሻ ሰብሳቢዎችን እናስብ። በሳምንት ሁለት ቀን መጥተው በር ላይ ያገኙትን ጆንያ ይወስዳሉ። በመካከሉ ቤት ውስጥ የሚጠራቀመውን ግን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ጥቂት ከሆነ ግቢው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ከበዛ ጆንያው ይፈነዳል፣ ሽታው ቤት ይገባል። ሰብሳቢዎቹም በመጡ ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማንሳት ወገባቸው ይቀነጠሳል። ማሽኑም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ነገር በጥቂት ሰዓት አውጣ ሲባል የሚጎዳው የሕመምተኛው ልብ ነው።

ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ክፍተት ይገጥመዋል። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ሞት የሚበዛውም ከዚህ ረጅም ክፍተት ማግሥት መሆኑ በጥናት ታይቷል። ሁለት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ክፍተቱ ሁልጊዜ ረጅም ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ የአመጋገብ ዝርዝር ሦስት እጥበትን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ስለሆነ፣ እንዳለ ሲወሰድ ለእንዲህ ያለው ሰው ላላ ሊልበት ይችላል።

ፕሮቲን ይቀነስ ወይስ ይጨመር?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱም ምክንያት አለው። ኩላሊት እየደከመ ሳለ፣ እጥበት ከመጀመሩ በፊት፣ ሐኪሙ ፕሮቲን እንዲቀነስ ያዝዛል፤ ፕሮቲን ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሚተወው ዩሪያ የተባለ ቆሻሻ የደከመውን ኩላሊት ስለሚያጨናንቅ ነው። ሕመምተኛው «ሥጋና እንቁላል ቀንስ» መባሉን ለዓመታት ይዞት ይኖራል። እጥበት በጀመረ ዕለት ግን ትእዛዙ ይገለበጣል፤ መገልበጡን የሚነግረው ሰው ላያገኝ ይችላል።

ለምን ይገለበጣል? ማጣሪያው ቆሻሻውንና ጠቃሚውን ሙሉ በሙሉ አይለይም። በአንድ እጥበት ብቻ ከ6 እስከ 12 ግራም የሚደርስ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ፣ ከደም ተጣርቶ ይፈስሳል። ሕመሙ ራሱም ጡንቻ ይበላል። ስለዚህ እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲበላ ይመከራል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው።

ወደ ሳህን ስናመጣው፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ከ25 ግራም በላይ ይሰጣል። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ገደማ አለው። ሁለት እንቁላል፣ አንድ መዳፍ ሥጋና በቀኑ የሚበላው እንጀራ ተደምሮ 60ው ላይ ያደርሳል። የእንቁላል ነጩ ክፍል በተለይ የተባረከ ነው፤ ፕሮቲን አለው፣ ወደ ኋላ የምናነሳው ፎስፈረስ ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ሥጋው በስሎ ይበላ። እጥበት ላይ ያለ ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ነው፤ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለጤነኛ ሰው የሚያስከትሉት ችግር እሱ ላይ ይበረታል።

የደም ምርመራ ወረቀት ላይ አልቡሚን የሚል መስመር አለ። በደም ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ ሰውነት እየተጎዳ ወይም ውስጥ ለውስጥ የሰውነት መቆጣት እንዳለ ያመለክታል፤ ዝቅ ያለባቸው ሕመምተኞች ዕድሜያቸው እንደሚያጥር በሚገባ የታወቀ ነው። የአክስቴ አልቡሚን ወርዶ ሲታይ ነርሷ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «እናቴ፣ ለመሆኑ ምሳሽ ምንድን ነው?»

በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ?

መልሱ የሚገኘው ከሽንቱ ነው። የተለመደው ስሌት በ24 ሰዓት የሚወጣውን ሽንት ለክቶ በላዩ ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ ሊትር መጨመር ነው። ግማሽ ሊትር ሽንት ያለው ሰውና ጨርሶ የማይሸና ሰው በአንድ ማሽን ጎን ለጎን ቢታጠቡም የውሃ መጠናቸው አንድ አይደለም። አንዱ ለሌላው «እኔ ይህን ያህል እጠጣለሁ» ብሎ የሚሰጠው ምክር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረቅ ክብደት የሚባል ነገር አለ። ትርፍ ውሃው ሁሉ ወጥቶ፣ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ሳይኖር፣ የደም ግፊትም ሳይወድቅ የሚገኘው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ደረቅ ክብደቷ 60 ኪሎ የሆነች ሴት ለቀጣዩ እጥበት 62.5 ኪሎ ሆና ብትመጣ፣ ሁለት ተኩል ሊትር ውሃ በአራት ሰዓት መውጣት አለበት። በደም ሥሯ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በጠቅላላው ከአራት ሊትር ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ውሃ ደግሞ አብዛኛው ያለው በሥጋና በቆዳ መካከል ነው፤ ማሽኑ ሊያገኘው የሚችለው መጀመሪያ ወደ ደም ሥር ሲመለስ ነው። ማሽኑ ከሚመለሰው ፈጥኖ ሲመጥ ግፊት ይወርዳል፣ ቁርጥማት ይነሳል፣ ዓይን ይጨልማል። በሁለት እጥበት መካከል የሚጨመረው ክብደት ከደረቅ ክብደት 4 ከመቶ ገደማ ባይበልጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሽ ሲባል ውሃ ብቻ አይደለም። ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ወተት፣ የአብሽ ውሃ፣ በረዶ፣ የቅቅል መረቅ ሁሉ ይቆጠራል። በቤታችን የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። የዕለቱን መጠን በአንድ የውሃ ፕላስቲክ ሞልተን ጠዋት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። አክስቴ አንድ ሲኒ ቡና ስትጠጣ ከፕላስቲኩ አንድ ሲኒ ውሃ ቀድታ በረንዳው ላይ ያለችውን የጤና አዳም ተክል ታጠጣለች። ፕላስቲኩ ሲያልቅ ቀኑ አለቀ። ተክሏ እንዲህ ለምልማ አታውቅም።

ይሁን እንጂ ውሃ ብቻ ቀንስ ማለት ጨካኝ ምክር ነው። የጥማቱ ምንጭ ጨው ነው። በሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በሊትሩ 9 ግራም ጨው አለው፤ የሰውነታችን ፈሳሽ ጨዋማነትም ለዚህ የቀረበ ነው። ስለዚህ የማይወጣ 9 ግራም ጨው የበላ ሰው ሰውነቱ እሱን ለማለዘብ አንድ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ያን ጥማት በጉብዝና ማሸነፍ አይቻልም። የሚመከረው የቀኑ ጨው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

በእኛ ወጥ ቤት ጨው የሚገባው ድስቱ ላይ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ፤ ሚጥሚጣውም። ከሦስት ቦታ የመጣ ጨው ድስት ላይ ሲገናኝ አራተኛ ይጨመርበታል። መፍትሔው ወፍጮ ቤት ከመሄድ በፊት ነው፤ ለሕመምተኛው ጥቂት ኪሎ በርበሬ ጨው ሳይገባበት ማስፈጨት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ የጨውን ቦታ በደንብ ይሸፍናሉ። እንጀራ በራሱ ጨው ስለማይገባበት ከብዙ ዳቦ ይሻላል፤ ይህን ለሚናፍቁት ሰዎች መንገር ደስ ይለኛል።

በሱፐርማርኬት፣ በተለይም በውጭ አገር፣ «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር አለ። አብዛኛው የተሠራው ከፖታሺየም ክሎራይድ ነው። እጥበት ላይ ላለ ሰው ይህ ከጨው የባሰ ነው፤ ቤት አይግባ።

ሙዝና አቮካዶ ምን አጠፉ?

ፖታሺየም ጡንቻና ነርቭ የሚሠሩበት ማዕድን ነው። የልብ ምት የሚነሳው በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ሲሆን፣ ግፊቱ እንዲነሳም እንዲቆምም የፖታሺየም ሚዛን ወሳኝ ነው። በደም ውስጥ ያለው ጤናማ መጠን ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከ6 ሲያልፍ ልብ ምቱን ሊያዛባ፣ ሊቆምም ይችላል። ክፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አንዳንዱ ሰው እግሩ ይዝልበታል፣ ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። ድንገት የመጣ የጡንቻ መዛልና የልብ ምት መዛባት ሲኖር የሚቀጥለውን እጥበት መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

እጥበት ላይ ላለ ሰው የሚሰጠው የቀን ጣሪያ ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊ ግራም ነው። መቶ ግራም ሙዝ 360 ገደማ፣ አቮካዶ 480 ገደማ፣ ዘይቱና ከ400 በላይ፣ ቴምር 650 ያህል አላቸው። በሌላ በኩል መቶ ግራም ፖም ወይም አናናስ 110 አካባቢ ነው። ለጠያቂ የምለው አለኝ፤ ሙዙን ትታችሁ ፖም አምጡ። ግማሽ አቮካዶና አንድ ማንጎ የገባበት ስፕሪስ ግን በአንድ ብርጭቆ 700 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሺየም ይዟል፤ በላዩም ፈሳሽ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ አቮካዶውንና ማንጎውን በየተራ ቢበላ መሃል ላይ ይጠግባል። ጭማቂ ግን ጥጋብ ሳያሳውቅ ይወርዳል።

አንድ ደንብ ልብ ቢባል ብዙ ዝርዝር ከመሸምደድ ያድናል፦ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ፖታሺየሙ ይቀራል። የቲማቲም ድልህ ከትኩስ ቲማቲም አራት እጥፍ ገደማ ፖታሺየም የሚይዘው ለዚህ ነው። በርበሬ የደረቀ ቃሪያ ነው። የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም የደረቀ ቅጠል ነው፤ ለግፊት ይበጃል ተብሎ በማንኪያ ሲወሰድ ያየሁት ብዙ ሰው አለ። ለእጥበት ሕመምተኛ ግን እንደማንኛውም የተከማቸ ቅጠል የፖታሺየም ጭነት ነው። ሌላውም የባህል መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ አይወሰድ፤ ምን እንዳለበት የማይታወቅን ነገር የሚያስወጣ ኩላሊት የለምና።

ፖታሺየም በውሃ ይሟሟል፤ ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው። ድንች ተልጦ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ በብዙ ውሃ አንድ ጊዜ ተፍልቶ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ሲበስል ከፖታሺየሙ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። እናቶቻችን ጎመን ቀቅለው በሁለት እጃቸው ጨምቀው ውሃውን የሚደፉት ለጣዕሙ ነበር፤ ለኩላሊት ሕመምተኛም ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ቆስጣ ግን በራሱ ፖታሺየም የበዛበት ስለሆነ ከእሱ ይልቅ ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ ይመረጣል።

ሽሮን በተመለከተ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ምስርና ክክ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ የመጀመሪያው መቀቀያ ውሃ ሊደፋ ይችላል። ሽሮ ግን ዱቄት ነው፤ የሚደፋ ውሃ የለውም፣ በውስጡ የነበረው ሁሉ ድስት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ጭልፋ ሽሮና ተዘፍዝፎ ከተቀቀለ አንድ ጭልፋ የክክ አልጫ፣ ሁለተኛው ይቀላል። ሽሮ አይበላም ማለት አይደለም፤ ቀጠን ብሎ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚቀርብ ከሆነ ግን ጥያቄ ይነሳል።

ፎስፈረስ ለምን ያሳክካል?

ፎስፈረስ አጥንት የሚሠራበት ማዕድን ነው። ከላይ ወዳነሳነው ምሳሌ እንመለስ። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚወስዱት በር ላይ የወጣውን ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀውን አያገኙትም። ፎስፈረስ አብዛኛው ያለው በአጥንትና በሕዋሳት ውስጥ ነው። ማሽኑ በደም ውስጥ ያለውን በመጀመሪያው ሰዓት ያነሳል፤ የቀረው ከተደበቀበት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ በእጥበት ብቻ አይሸነፍም።

ሲከማች ቆዳ ያሳክካል፤ ሌሊት የሚያስነሳ ማሳከክ ነው። ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ካልሲየም ከአጥንት ይስባል፣ አጥንት ይሳሳል፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይም ካልሲየም እየተጋገረ ያደርቀዋል። ልብ የሚደክመው በመጨረሻ በዚህ ነው።

ሁሉም ፎስፈረስ ግን እኩል አይደለም። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት በሚባል ነገር ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ የሰው አንጀት ቁልፉን ስለማይዝ ግማሽ የማይሞላው ብቻ ወደ ደም ይገባል። የሥጋና የወተቱ ከዚያ ይበልጣል። በፋብሪካ ምግብ ላይ እንዲቆይና እንዲያምር የሚጨመረው ደግሞ አልተቆለፈም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገባል። ኮካ ኮላና መሰሎቹ ጥቁር ለስላሳዎች፣ ሞርታዴላ፣ የታሸገ ቺዝ ከዚህ ወገን ናቸው። ቆርጦ መተው የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሚያጎድለው ነገርም የለም።

ጤፍስ? የጤፍ ዱቄት በመቶ ግራም ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፈረስ አለው፤ ከነጭ ሩዝ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አብዛኛው የተቆለፈ ነው፤ ነገር ግን እርሾው ሊጡን ሲያቦካ ከቁልፉ የተወሰነውን ይፈታዋል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ ብረትና ዚንክም አብሮ ይለቀቃልና። ለእጥበት ሕመምተኛ ግን እንጀራው በልክ እንዲሆን፣ አንዳንድ ቀን ሩዝ ወይም ነጭ ዳቦ እንዲተካው ያስገድዳል። አምሳ ዓመት እንጀራ የበላን ሰው ጨርሶ ይቅርብህ ማለት ግን ምግብ እንዲጠላ ማድረግ ነው፤ የፎስፈረሱ ውጤት ከፍ ካላለ በቀር አያስፈልግም።

ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ካልሲየም አሲቴት፣ ሴቬላመር የሚባሉት ናቸው። የሚሠሩት ከምግብ ጋር ከተገናኙ ብቻ ነው። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሌሎቹ ክኒኖች ጋር ተደርቦ የሚዋጥ ከሆነ የሚይዘው ፎስፈረስ ቀድሞት አልፏል። ገንዘቡ እንዲህ ሲባክን ማየት ያንገበግባል፤ የሚስተካከለውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክር ነው፦ ከጉርሻው ጋር።

ጾም መጾም ይቻላል?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚጾሙት ቀን በዓመት ከግማሽ ዓመት አያንስም። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የጾም ማዕድ ፕሮቲኑ ከጥራጥሬ ነው። 60 ግራም ፕሮቲን ከምስር ብቻ ላግኝ የሚል ሰው 650 ግራም ያህል የበሰለ ምስር መብላት አለበት፤ በዚያ ውስጥ፣ ውሃው ካልተደፋ፣ 2,400 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሺየም አለ። የቀኑ ጣሪያ እዚያው ላይ አለቀ። ከእንጀራው የሚገኘው ተደምሮ ነገሩ ቢለዝብም፣ ለሁለት ወር የሚዘልቅ ጾም ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋ ለእጥበት ሕመምተኛ ጡንቻ የሚያስከፍል ነው። እስከ ቀትር ምንም ሳይቀምሱ መቆየትም በተለይ የእጥበት ቀን ሲሆን ግፊት ይጥላል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕሙማንን አታስገድድም። ብዙ አረጋውያን ግን ይህን ከሐኪም ሲሰሙ አይቀበሉትም፤ ከንስሐ አባታቸው ሲሰሙ ይቀበላሉ። እኔ የምመክረው ቤተሰቡ አስቀድሞ ለንስሐ አባት ሄዶ ነገሩን በቁጥር እንዲያስረዳ ነው። የአክስቴ ንስሐ አባት እንቁላሉን «እንደ መድኃኒት ቁጠሪው» አሏት፤ በዚያ ቃል ሰላም አገኘች።

በእስልምናም ቁርኣን ታማሚን ከረመዳን ጾም ነፃ ያደርጋል፤ ሕመሙ የማይለቅ ሰው በጾሙ ፈንታ ችግረኛ ያበላል። ሐኪሙ ፈቅዶለት የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ ያለው ቴምርና ሾርባ የፖታሺየምና የፈሳሽ ጉዳይ መሆኑን ያስታውስ፤ አንድ ፍሬ ቴምር ሥርዓቱን ይፈጽማል።

ስኳር ላለበት፣ በውጭ አገር ለሚታከምስ?

ከእጥበት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ስኳርም አለባቸው። ደካማ ኩላሊት ኢንሱሊንን ቶሎ ስለማያስወግድ ስኳር የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ሲወርድ የብርቱካን ጭማቂ መስጠት የተለመደ ነው፤ ለእጥበት ሕመምተኛ ግን ሁለት ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ ወይም ከረሜላ ይሻላል፣ ፖታሺየም የለውምና።

በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ፔሪቶኒያል ዳያሊሲስ ይባላል። በየቀኑ ስለሚሠራ ፖታሺየምና ፈሳሽ ላይ ብዙ ጊዜ ላላ ይላል፤ ፕሮቲን ግን ከዚህም ይበልጥ ያፈስሳል፤ ሆድ ውስጥ ከሚሞላው የማጠቢያ ፈሳሽ የሚገባው ስኳርም ክብደት ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለማሽን እጥበት ነው።

በአሜሪካ የእጥበት ማዕከላት የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ዕድል ይጠቀሙበት። ባለሙያዋ ሽሮና ቆጮ ምን እንደሆኑ ላታውቅ ትችላለች፤ «ኢንጄራ» የሚል ቃልም ወረቀቷ ላይ የለም። ምግቡ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ጭልፋ እንደሚበላ፣ ጨው መቼ እንደሚገባ በዝርዝር ጽፎ መውሰድ ወይም ሥራውን የምታውቅ ልጅ ይዞ መሄድ ነው። አገር ቤት ደግሞ ነርሷን በየወሩ ሦስት ቁጥር መጠየቅ፦ ፖታሺየሜ ስንት ነው? ፎስፈረሴስ? አልቡሚኔስ? ውጤቱ በደብተር ሲጻፍ የትኛው ምግብ እንደሚቀነስና የትኛው እንደሚመለስ ከጎረቤት ምክር ይልቅ ደብተሩ ይናገራል። የአክስቴ ፖታሺየም ለሦስት ወር ከ5 በታች ሲሆን በሳምንት አንድ ቀን ድንች ተመለሰላት።

ባለፈው ገና ዶሮ ወጡ ሲሠራ እህቴ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ፣ ጨው ሳይገባ፣ ለአክስቴ በትንሽ ድስት ቀነሰችላት። ሳህኗ ላይ አንድ እግር፣ አንድ እንቁላልና ግማሽ እንጀራ ነበር፤ ከቡናው አቦሉን ብቻ፣ ለእሱም ጤና አዳሟ አንድ ሲኒ ውሃ አገኘች። ፎስፈረስ የሚይዘውን ክኒን የዋጠችው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው። ያጎረሰቻት ያቺው ቅቅል ያመጣችው ጎረቤት ናት፤ «ጨው የለውም አይደል?» ብላ ድስቱን ራሷ ቀምሳ።